ፈዛ የቀረች እህቴ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው አእምሮው ከሰውነቱና ከስሜቱ እንዴት እንደሚነጠል ያስረዳል። እኛ ቤት ያለውን ነገር ነው ያነበብኩት።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ታናሽ እህቴ የባጃጅ አደጋ ደርሶባት ነበር። ቁስሏ ቶሎ ዳነ። ግን ቡና እየቀዳች ድንገት ፍዝዝ ትላለች። ጀበናው በእጇ እንዳዘነበለ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። ስትነቃ «ራሴን ከላይ ሆኜ እያየሁ ነበር፤ እጄ የሌላ ሰው መሰለኝ» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ዛር ነው አለ። ጸበል ወሰድናት። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪም ጋ ሳንሄድ አንድ ዓመት መቆየታችን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጥል በሽታ አለመሆኑን አጣራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የአእምሮ መነጠል አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒየር ዣኔ እ.ኤ.አ. በ1889 ጽፎበታል። መሸሽ ሲያቅት አእምሮ ብቻውን ያመልጣል። ያኔ ሰውን ያተርፋል። አደጋው ካለፈ በኋላም ሲቀጥል ነው ሕመም የሚሆነው።

አሁን ስትፈዝ አንጮህባትም፣ አንነቀንቃትም። ስሟን ቀስ ብለን እንጠራለን። ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ብርጭቆ እናስይዛታለን። እግሯ ወለሉን ሲነካ እንዲሰማት ጫማዋን እናወልቅላታለን።