ከአየር የሚሠራ ነዳጅ ለአውሮፕላን እንጂ ለመኪናችን አይሆንም

ካርቦንዳይኦክሳይድን በፀሐይ ብርሃን ወደ ነዳጅ ቀየሩ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከሥሩ የማይጠፋ ኮመንት አለ፣ «በቃ ቤንዚን ከአየር ሊሠራ ነው፣ እኛ ምን አስቸኮለን የነዳጅ መኪና እንዳይገባ የከለከልነው?» የሚል። መንግሥት በ2016 ክልከላውን ሲያወጣ ብዙ ሰው ተናዷል፣ ቻርጅ ማድረጊያው የታለ፣ መብራት ሲጠፋስ፣ መለዋወጫውስ ብሎ መጠየቁም ልክ ነው። ይሄኛው ክርክር ግን አያስኬድም። ቴክኖሎጂውን ጠልቼው አይደለም፣ እንደውም በጣም ነው የምወደው፣ ያለቦታው ሲጠራ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ካርቦንዳይኦክሳይድ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ነው በሉት። ጉልበቱን ሰጥቶ ጨርሷል። መልሳችሁ ነዳጅ ልታደርጉት ከፈለጋችሁ ሲቃጠል የሰጠውን ጉልበት በሙሉ መመለስ አለባችሁ፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ሳይቆጠር። ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥነው ነገር) ሥራውን ያቀላጥፋል እንጂ ጉልበት አይፈጥርም፣ ጉልበቱ ከፀሐይዋ ነው የሚመጣው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ (ነጭ የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው ነገር ነው) ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አድርጎ እንደሚከፍል አሳዩ፣ በ1979 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ዓይነት ዱቄቶችን ውሃ ውስጥ በትነው ካርቦንዳይኦክሳይድ እያስገቡ ብርሃን ሲያበሩበት ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዲሃይድና ሜታኖል አገኙ። ከዛ ወዲህ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሊሞላ ነው፣ ማነቆው ግን ብዙ ነው፦ ቲታኒየሙ የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ እኛ ጋ ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ቢሆን ነው። ሌላም አለ፣ ዱቄቱ ሲሠራ ላዩ ላይ የሚቀር የካርቦን ቆሻሻ ራሱ ብርሃን ሲመታው ሚቴን ምናምን ይሰጣል፣ ተመራማሪው ከካርቦንዳይኦክሳይድ ያገኘው ይመስለዋል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ላብ ካርቦን 13 የሚባለውን ከበድ ያለ ካርቦን የያዘ ጋዝ አስገብቶ የወጣው ነዳጅ ውስጥ ያው ካርቦን 13 መኖሩን የሚያረጋግጠው። ይሄ ቼክ ያልተደረገበት ውጤት ሲወራ እኔ አላምንም።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2025 ያወጡት ሥራ ደስ ይላል። ማሽኑ ማታ ማታ አየር እየሳበ ካርቦንዳይኦክሳይዱን ፊልተር ላይ ይይዛል፣ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ሙቀቷ ጋዙን ከፊልተሩ ያስለቅቀዋል፣ ብርሃኗ ደግሞ ካታሊስቱ ላይ ሲያርፍ ጋዙ ወደ ሲንጋዝ (የካርቦን ሞኖክሳይድና የሃይድሮጅን ድብልቅ) ይቀየራል፣ ከሲንጋዝ ነዳጅ መሥራት ደግሞ ኢንዱስትሪው ድሮ የሚያውቀው ነገር ነው።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። ተራ ሶላር ፓናል ካረፈበት ፀሐይ 20 በመቶ ገደማውን ኤሌክትሪክ ያደርጋል፣ ባትሪና ሞተር ላይ የሚባክነው ተቀንሶ 15 በመቶ ያህሉ የመኪናው ጎማ ላይ ይደርሳል። በዱቄት ካታሊስት ግን ጃፓን ውስጥ የተመራማሪው ካዙናሪ ዶመን ቡድን በ100 ካሬ ሜትር ፓናል በ2021 ያሳየው ካረፈበት ፀሐይ 0.76 በመቶውን ነው፣ እሱም ውሃ ብቻ ለመክፈል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ደግሞ ከዛ ይከብዳል። እሺ 1 በመቶ እንበል፣ የቤንዚን ሞተር ሦስት አራተኛውን በሙቀት ያባክነዋል፣ የቀረው ሩብ በመቶ ነው። 60 እጥፍ ልዩነት! ነገ ካታሊስቱ 10 በመቶ ቢገባ እንኳ የኤሌክትሪኩ መኪና 6 እጥፍ ይበልጣል፣ ስለዚህ ይሄን ተስፋ አድርጎ የቤንዚን መኪና ይግባ ማለት ያከስራል።

አውሮፕላን ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ጄት ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ አንድ ኪሎ ባትሪ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ፣ ስለዚህ ከቦሌ ዋሽንግተን በባትሪ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ነው ብክነቱን ችሎ መሥራት የሚያዋጣው። የዙሪክ ተመራማሪዎች በብርሃን ሳይሆን በመስታወት በተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀት፣ ወደ 1500 ዲግሪ አድርሰው፣ ስፔን ውስጥ ባለ ታወር ላይ ጄት ነዳጅ ሠርተዋል፣ ፀሐይዋን ወደ ሲንጋዝ የመቀየር አቅሙ 4.1 በመቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 ጀምሮ ኤርፖርቶቹ ላይ ከሚቀርበው ጄት ነዳጅ 2 በመቶው ዘላቂ እንዲሆን አስገድዷል፣ በ2050 70 በመቶ ይገባል፣ የዛ ግማሽ በታዳሽ ኃይል የተሠራ ሰው ሠራሽ ነዳጅ መሆን አለበት። ፍራንክፈርት የሚቀዳው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይመለከተዋል ማለት ነው፣ ሌላው ሠርቶ በውድ ከሚሸጥልን እኛም ብንሞክረው ይሻላል።

ካርቦኑን ለማግኘት ደግሞ አየር ማጣራት ላያስፈልገን ይችላል። አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ብቻ ነው፣ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ (ከስኳር የሚተርፈውን ዝቃጭ) አብላልተው ኢታኖል ሲያወጡ ግን የሚለቀቀው ጋዝ ንጹሕ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው ማለት ይቻላል፣ አገዳው ራሱ ከአየር የወሰደው ስለሆነ ተቃጥሎ ቢመለስም አዲስ አይጨምርም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሙከራ ማሽን የሚተክሉ ከሆነ ከነዚህ የማብላያ ጋኖች አጠገብ ይትከሉት፣ አየር መንገዱም የሚወጣውን ነዳጅ እገዛለሁ ብሎ ገና ከጅምሩ ይፈርም።