ስኳር ሲወርድ ማንቂያው የማይጮህላቸው ሰዎች

አጎቴ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንድ እሑድ ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው፣ ሳይቀምሱ ቅዳሴ ሄዱ። ቅዳሴው ረዘመ። ቤት ሲደርሱ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። በሩን ይፍቁታል፣ ይፍቁታል። ልጆቹን ያለ ምክንያት ተቆጡ። አንድ ጎረቤት «በጠዋቱ ጠጥተዋል እንዴ?» አለ። አክስቴ ግን ወዲያው ገባቸው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጧቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው «ምን ሆኜ ነው?» አሉ አጎቴ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግንባራቸው ነው። ደረቅ ነበር። ድሮ ስኳራቸው ሲወርድ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከረሜላውን ራሳቸው ይፈልጋሉ። አሁን ያ ሁሉ የለም።

«ራሳቸውን አይጠብቁም» ያለ ዘመድ አልጠፋም። ይህን አባባል አልቀበለውም። ነገሩ የአንጎል ነው።

አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የረባ ስንቅ ግን የለውም። ስለዚህ የደምን ስኳር ራሱ ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ1849 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር የጥንቸልን አንጎል ግርጌ በመርፌ ሲወጋ ሽንቷ ውስጥ ስኳር ታየ፤ አንጎል በደም ስኳር ላይ እጅ እንዳለው የሚጠቁም ነበር። በ1964 ደግሞ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ለግሉኮስ (ለደም ስኳር) መጠን መልስ የሚሰጡ ነርቮች እንዳሉ ታወቀ።

ማይቶኮንድሪያን ትምህርት ቤት «የሴል ኃይል ማመንጫ» ብለን ሸምድደናል። እዚህ ግን ወሬ ነጋሪም ነው። ግሉኮስ ነርቩ ውስጥ ገብቶ ማይቶኮንድሪያ ላይ ሲቃጠል ኤቲፒ የሚባለው የሴሉ ነዳጅ ይጨምራል። ያኔ በነርቩ ግድግዳ ላይ ያሉት የፖታሲየም በሮች ይዘጋሉ፤ ነርቩ መልእክት ይልካል። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱት ሴሎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሌላም አሳይተዋል። ግሉኮስ ሲቃጠል ከኦክስጅን የሚፈጠሩት ንቁ ሞለኪውሎች ራሳቸው ምልክት ናቸው። ማይቶኮንድሪያዎቹ ሲሰነጠቁና ሲዋሃዱም የነርቩ ስሜት ይለወጣል። ስኳር ሲቀንስ የሚነቁ ሌሎች ነርቮችም አሉ። ማንቂያው ሲጮህ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል።

ስኳር በተደጋጋሚ ሲወርድ ግን አንጎል ይለምደዋል። ማንቂያው ዘግይቶ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጮኽም። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ከ54 በታች ሲሆን ማሰብ ይከብዳል።

እኛ ግን የምናወራው ስለ ከፍተኛው ስኳር ብቻ ነው። አጎቴ ለክትትል ሲሄዱ ስንት ዓመት ሙሉ የሚጠየቁት «ጨምሯል ወይ?» ነበር። 60 ያሳየ ጠዋት «ጎበዝ!» ተብለው ተመልሰዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሁሉ በእያንዳንዱ ቀጠሮ «ሲወርድ ይታወቅሃል?» መባል አለበት። የቤት ሰውም አብሮ ገብቶ መስማት አለበት፤ ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነውና። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም እንደማይጨመር፣ ቶሎ ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ ስንቱ ቤተሰብ ያውቃል?

በሚቀጥለው ቀጠሮ አክስቴ አብረው ገቡና ሁሉንም ተናገሩ። የኢንሱሊኑ መጠን ተቀነሰ። ስኳራቸው ለሳምንታት እንዳይወርድ ከተጠበቀ ስሜቱ ሊመለስ እንደሚችል ተነገራቸው። ወር አለፍ ብሎ አጎቴ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ዛሬ አላበኝ!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር።