ሐዲድ በሌለበት ከተማ ባቡር መጥረብ

በጅማ እንጨት መጥረብ የሚያስጠይቅ ሥራ አይደለም። አንድ ሰው ጓሮው ተቀምጦ በርጩማ ቢጠርብ መንገደኛው ዋጋ ጠይቆ ያልፋል፤ አልጋ ቢሠራ ልጁን ሊድር ነው ይባላል፤ ቁም ሣጥን ቢሠራ ደግሞ «ብር አግኝቷል» የሚለው ወሬ ሦስት ቤት ያህል ተጉዞ በዚያው ይሞታል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በሰርቪስ ቤቴ ውስጥ ከዋንዛ እንጨት የእንፋሎት ባቡር መሥራት ስጀምር፣ ነገሩ ከግቢዬ ወጥቶ ወደ ቡና ጠጪዎቹ፣ ከቡና ጠጪዎቹ ወደ እድሩ፣ ከእድሩም ወደ ደላላው ለመድረስ አንድ ሳምንት አልሞላበትም።

በመጀመሪያ የተጨነቁት አማቴ ናቸው። ለእሳቸው ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፤ ባደጉበት ገጠር «ባቡር ቤት ደርሼ መጣሁ» የሚል ሰው እህል አስፈጭቶ የተመለሰ እንጂ ከድሬዳዋ የገባ አይደለም።

«እና ልጄ፣ መብራት እንዲህ እየጠፋ በምን ልታዞረው ነው?» አሉኝ።

«አይፈጭም እማማ፤ ለማየት ብቻ ነው።»

«የማይፈጭ ባቡር!» ብለው ለልጃቸው የላኩላትን አስተያየት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የመጨረሻው ጊዜ እኔን ለማግባት የፈቀደች ዕለት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ 784 ኪሎ ሜትር የተጓዘ እንግዳ እንደሚያደርገው ለገሃር ላይ አረፍ እንዳለ ሳይነሣ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመርም ቢሆን የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጂቡቲ ነው። ወደ ጅማ የሚቀረውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመምጣት እስከ ዛሬ የደፈረ ሐዲድ የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ እየሄደ ስለሆነ መጠበቁን ትቼ በ20 እጥፍ አሳንሼ ራሴ ለማምጣት ወሰንሁ። የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር የእኔው 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ደስ ይላል፤ በመጋዝ ላይ ግን መከራ ነው፤ ምክንያቱም እኔ 2 ሚሊ ሜትር ስስት፣ በትልቁ ዓለም ያለው የባቡር ነጂ 4 ሴንቲ ሜትር ጣሪያ ይቀነስበታል። በዚህ አካሄድ የእኔን ባቡር ሊነዳ የሚችለው አንገቱን የደፋ ሰው ብቻ እንደሆነ ገና ጎጆውን ስገጥም ታወቀኝ።

ውኃ የሚፈላበትን ትልቁን ጋን ቶርኖ ቤት ወስጄ ነበር ያስጠረብሁት። ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ የአልጋ እግር ሲያወጣ የኖረ እጅ ቀጥ ያለ ነገር ማየት አይችልም። ለመውሰድ ስሄድ ጋኑ ከመሐሉ ወገብ፣ ከአንገቱ ሁለት ቀለበት ወጥቶለት ጠበቀኝ። «እንዲሁ ድብልብል ብሎ ከሚቀር ብዬ አሳመርሁልህ» አለኝ፤ የማሳመሪያውንም ለብቻው አስከፈለኝ።

ከሁሉ የበዛው ግን «ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ነበር። አንዱ ጎረቤቴ ይህን የጠየቀኝ ከምሳ ጀምሮ እስከ መግሪብ ጫቱን ይዞ ከተቀመጠበት ፍራሽ ሳይነሣ ነው። ሌላይቱ የጠየቀችኝ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ውኃ ያልነካቸው 24 ብርጭቆዎች በተደረደሩበት ቡፌዋ ፊት ቆማ፣ ብርጭቆዎቹን በጨርቅ እያበሰች ነው። የእድራችን ጸሐፊ ደግሞ በወር አንዴ ሦስት ሰዓት ተሰብስበን የድንኳኑን ችካል ብዛት ከምንቆጥርበት ስብሰባ ሲወጣ ትከሻዬን ይዞ፣ ጊዜ ውድ መሆኑን በአባትነት መከረኝ። ለልጅ ነው ብል ልጆቼ አድገዋል፤ ለሽያጭ ነው ብል ዋጋ ሊጠይቁ ነው፤ ደስ ስለሚለኝ ነው ብል ግን ሁሉም ዝም ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ያ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ደላላው ግን ጥቅሙን ሳልነግረው ገባው። አንድ ማታ መጥቶ በግድግዳዬ ላይ የለጠፍሁትን ንድፍ፣ በተለይም ከታች የተሰመረውን ረጅም ሐዲድ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ ጣቢያው ወደ ቦሳ ቂጦ ነው ወይስ ወደ ጅሬን?»

የእንጨት መሆኑን ነገርሁት። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» እያለ ዓይኑን ጠቀሰኝ። በሳምንቱ እኛ ሰፈር አንድ ባዶ ቦታ «ባቡር የሚያልፍበት» ተብሎ ለገዢ ሲታይ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ባለቤቱም አላፊ አግዳሚውን ትቶ እኔን ብቻ ቆሞ ሰላም ማለት ጀመረ።

ወደ ጎማዎቹ ልመለስ፤ የዚህ ሥራ ጣጣ ያለው እዚያ ነውና። የመረጥሁት ባቡር ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስምንት የሚገፉ ጎማዎች አሉት። ጎማዎቹን በወይራ፣ በየጎናቸው የሚያያይዟቸውን ዘንጎች በቡና እንጨት ሠራኋቸው፤ የቡና እንጨት ቀጭን ቢሆንም ጥርስ የሚፈትን ጽኑ ነው። በትልቁ ባቡር ላይ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ በዘንጉ አማካይነት ጎማውን ያዞራል። ነገር ግን ዘንጉና የጎማው መዘውር፣ ማለትም ዘንጉ ጎማው ላይ የሚያያዝበት ክንድ፣ በአንድ መስመር ቀጥ ብለው የሚገጥሙበት ቅጽበት አለ፤ በዚያ ቅጽበት እንፋሎቱ ምንም ያህል ቢገፋ ጎማው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የአንዱ ጎን መዘውር ከሌላው ጎን በ90 ዲግሪ ቀድሞ ይተከላል፤ አንዱ ወገን ሲደክም ሌላው ሙሉ ጉልበት ላይ ይገኛል። ይህን ሳነብ ለባለቤቴ በደስታ ነገርኋት፤ እሷም «በዚህ ቤት ሁልጊዜ ጉልበት ላይ ያለው ወገን የትኛው ነው?» ብላ ጠይቃኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ 90 ዲግሪውን በዓይኔ ለካሁት። አንዱ አክስል 90፣ ሁለተኛው 86፣ ሦስተኛው እግዜር ያውቃል። ዘንጎቹን አያይዤ ስገፋው ባቡሩ ሩብ ዙር ሄዶ ቀጥ አለ፤ በኃይል ስገፋው አንዱ የቡና ዘንግ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ቁራጩ ሰጋቱራው ውስጥ ገባ። ሁለት ጣውላ በማእዘን ገጥሜ፣ አራቱንም አክስሎች በዚያ ላይ እያሳረፍሁ እንደገና እስክተክላቸው ድረስ ሌላ ሦስት ሳምንት አለፈ። አሁን ይዞራሉ። ነገር ግን ሐዲዱ ላይ ሳቆመው ባቡሩ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል።

መድኃኒቱን ያገኙልኝ በርጩማ የሚጠርቡ አንድ አዛውንት ናቸው። መላጊያ ሊዋሱ መጥተው ባቡሩን ሲያዩ ለምን እንደሚጠቅም አልጠየቁም፤ ዝቅ ብለው አንድ ቁራጭ ወረቀት በየጎማው ሥር እያስገቡ ሳቡ። ከስምንቱ ሦስቱ ሥር ወረቀቱ ያለ ችግር ወጣ።

«ሦስቱ ሐዲዱን አልነኩም፤ ተንጠልጥለዋል» አሉ። «ልጄ፣ በርጩማ ለምን ሦስት እግር እንዳለው ታውቃለህ?»

«የአባቶች ወግ ይመስለኛል አባባ።»

«የአባቶች ወለል ጭቃ ስለነበረ ነው። አራት እግር ያለው ወንበር ጭቃ ላይ ይንገዳገዳል። ሦስት እግር የትም ቢያስቀምጡት ያርፋል።»

መላጊያውን ይዘው ከወጡ በኋላ ንድፉን እንደገና አየሁት። በጎማዎቹ መካከል ጌጥ መስለውኝ የዘለልኋቸው ትንንሽ አግዳሚዎች ነበሩ። ለካ እነዚያ የጎማዎቹን ሞላዎች እርስ በርስ የሚያያይዙ ሚዛኖች ናቸው፤ የፊቱ ቡድን በአንድ፣ የኋለኞቹ በግራና በቀኝ ለየብቻ ተያይዘው፣ ያ ሁሉ ብረት የሚያርፈው በሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ሐዲዱ ቢጎረብጥም ጎማው አይለቀውም። የባቡሩ መሐንዲስና የጅማው ጠራቢ ሳይተዋወቁ አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አግዳሚዎቹን ከወይራ ሠርቼ አስገባኋቸው፤ መንገዳገዱ ቀረ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ቡና ተፈላ። ሐዲዱ በረከቦቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተዘረጋ፤ ጎረቤቶች ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ስለ ሦስቱ ነጥቦች ላስረዳ አፌን ስከፍት አማቴ ከኋላ ያለውን የከሰል መጫኛ ጋሪ በጣታቸው ለክተው የስኳር ማስቀመጫውን ቁጭ አደረጉበት። ልክክ አለ። በቀስታ ገፉት፤ ባቡሩ ዘንጎቹን እያወዛወዘ ስኳሩን ተሸክሞ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄደ። ጸሐፊው ሁለት ማንኪያ ወሰደና ወደ ባለ ቡፌዋ ገፋው።

«ታዲያ የስኳር ማመላለሻ ነው ብለህ ከመጀመሪያው አትነግረንም ነበር?» አሉኝ አማቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በኩራት ልጃቸውን እያዩ።

ደላላው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ሐዲዱ ከሚያልቅበት ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነበር የተቀመጠው። ሲኒውን ይዞ ስኳሩን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ባቡሩ ወደ እሱ አይዘልቅም።

«ጋሼ» አለኝ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደዚህ የሚመጣው መስመር መቼ ነው የሚጀመረው?»