ለእድር ድስት ተጣልተን ለከተማው በጀት የተኛን

የአዳማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ብትቀየሙም ተቀየሙ፤ እኔም ከናንተው አንዱ ነኝ፣ የሚበዛው ቁጣ ለራሴ ነው።

በቅርቡ በእድራችን ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው ስለ አንድ ድስት ነው። ማን ወሰደው፣ መቼ መለሰው፣ ክዳኑ የት ገባ? ገንዘብ ያዡ ደብተሩን እየገለጠ ላብ በላብ ሆነ። ያልመጣ አባል መቅጫ ተጻፈበት። እንዲህ አድርጎ መቆጣጠር የሚያውቅ ሕዝብ የከተማው በጀት ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

አሁን ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሰፈር ድረስ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ስለ ንብረት ታክስ ያማርራል። አንዱ «ቤታችንን ሊወርሱን ነው» ይላል፣ ሌላው «በመቶ ስንት ነው?» ሲባል ዝም ይላል። እንግዲህ ስሙ። በ2017 ዓ.ም በተወካዮች ምክር ቤት በጸደቀው አዋጅ ታክሱ የሚታሰበው በንብረቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ነው። በመሬት የመጠቀም መብት ላይ ምጣኔው ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው፤ በቤቱ ላይ ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። መሬቱን ለጊዜው ተዉትና ቤቱ ብቻውን 4 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። ሩቡ 1 ሚሊዮን ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ በዓመት 1,000 ብር ትከፍላላችሁ፣ በከፍተኛው 10,000 ብር። መነሻውንና ጣሪያውን የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ወስኖታል። በመካከል ያለችው 9,000 ብር የት ላይ እንደምትቆም የሚወሰነው ግን ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ነው። ክርክሩ ያለው እዚያ ነው፤ እናንተ ደግሞ ያላችሁት ቡና ቤት።

የጣሪያና ግድግዳ ግብሩስ? ከ1968ቱ አዋጅ ጀምሮ ከቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ እየታሰበ ሲከፈል ኖሯል። ግምቱ አርጅቶ ገንዘቡ ስላነሰ ከፍለን ደረሰኙን መሳቢያ ውስጥ ወረወርነው። ምን ተሠራበት ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። አሁንም ጩኸቱ ስለ መጠኑ ብቻ ነው፤ ስለ መዋያው ትንፍሽ የሚል የለም።

ጎርፉን ውሰዱ። ከተማችን በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ከነአፈሩ ወርዶ ቦዩን ይሞላል፣ ከዚያ ሳሎን ይገባል። (በቦዩ ውስጥ የምንጥለውን ፌስታልና የጫት ገረባ ዛሬ አላነሳም፤ እሱ ራሱን የቻለ ቁጣ ያስፈልገዋል።) ያን ጊዜ «መንግሥት የት አለ!» እንላለን። ነገር ግን የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ግንቦት ላይ ቦይ እንዲጠረግ ገንዘቡ ባለፈው ሐምሌ የተያዘ መሆን አለበት፤ ሐምሌ ላይ እንዲያዝ ደግሞ በጸደይ፣ ሚያዝያ ገደማ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳና ጎርፍ የሚባል ነገር ማንም በማያስታውስበት ጊዜ መጠየቅ ነበረበት። እኛ የምንጮኸው እግራችን ሲረጥብ ነው፤ ያኔ በጀቱ ተዘግቷል።

«ስብሰባው ለይስሙላ ነው፣ ወረቀቱ ታትሞ ነው የሚጠሩን» የምትሉ አላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ደግሞ ራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የበጀት ውይይት ተብሎ ተጠርቼ ሄድኩ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የታደለውን ውኃ ጠጣሁ፣ ስልኬን ነካካሁ፣ ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው» ሲል በሩን እያየሁ ነበር። ስንወጣ ከጎኔ የነበሩት ሰውዬ «አበል የለውም እንዴ?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 አካባቢያችንን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶናል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥት ዘንድ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ስንቶቻችን ነን የክፍለ ከተማችንን የበጀት ወረቀት በጽሑፍ ጠይቀን የተከለከልን? ሳይጠይቁ «አይሰጡም» ማለት ለእድሩ ገንዘብ ያዥ አድርገንለት የማናውቀው ቸርነት ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። ቤት ስንሸጥ በውሉ ላይ የምንጽፈው ዋጋና ለደላላው ኮሚሽን ያሰብንበት ዋጋ ይገናኛሉ? የግብር ገማች ሲመጣ ቤታችን ጎጆ ነው፤ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የካሳ ገማች ሲመጣ ቪላ ይሆናል። ዋጋውን በውሸት ያሳነሰ ሰው ግምቱ ትክክል አይደለም ብሎ በምን አፉ ይከራከራል? ሸክሙ ደግሞ እውነቱን በጻፈው ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል።

ተከራዮችም እዚያ ማዶ ሆናችሁ አትሳቁ። ታክሱ በባለቤቱ ስም ይጻፋል፣ በናንተ ኪራይ ላይ ግን መምጣቱ አይቀርም። ቦዩም ሲሞላ የሚገባው ካርታ ያለው ቤት መርጦ አይደለም።

«ዝም አይነቅዝም» እያላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፣ እኔም እንደዚያው። የነቀዘውን ግን በየክረምቱ በአካፋ ስንዝቅ እንውላለን።

ወደ ጸደይ የበጀት ውይይቱ ጥሪ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በሰፈር ይዞራል፤ ካልዞረም ሄደን ቀኑን እንጠይቅ። ሦስት ጥያቄ ይበቃናል። ከዚህ ወረዳ ባለፈው ዓመት ስንት ብር ተሰበሰበ? ለጎርፍ ቦይ ስንት ተያዘ? ከተያዘውስ ስንቱ ወጣ? ቁጥሩ ሲነገር የሚጽፍ ሰው ይኑር፤ የእድሩ ጸሐፊ እጁ ፈጣን ነው። እኔ በዚህኛው ጊዜ ከፊት ወንበር እይዛለሁ፤ ውኃውንም ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ።