ማገድ ብቻ ነው እንዴ መፍትሔው?

ስለ ጉበት ካንሰርና ስለ ሎን የወጣው ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን «ሎን የተባለው ኢንዛይም በጉበት ካንሰር ሴል ውስጥ ስለሚበዛ እሱን ማገድ ነው» የምትለዋ ነገር ትንሽ ቸኮል ያለች መሰለችኝ። ሎን እኮ ጤነኛ ጉበት ውስጥም ቀን ከሌት ይሠራል። በሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ፣ የተበላሹ ፕሮቲኖችን እየለየ፣ ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ እየተጠቀመ ይቆራርጣቸዋል። አሞኒያን ወደ ዩሪያ የመቀየሩን ሥራ የሚጀምረው ሲፒኤስ1 የተባለው ኢንዛይም እንኳ የሚፈርሰው በሱ ነው። ታዲያ ዝም ብሎ ቢታገድ ጤነኛው ሴል ምን ይዋጠው?

ክሊፕ ፒ የተባለው ሌላው የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። 14 ቁራጮች በሁለት ቀለበት ተደርድረው በርሜል ይሠራሉ። መቁረጫው ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ክሊፕ ኤክስ የተባለው አጋር ፕሮቲን እየመረጠ ያስገባል። ኦኤንሲ201 የተባለው መድኃኒት ግን በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ኢንዛይሙ ሳይመርጥ መቆራረጥ ይጀምራል፣ የካንሰሩ ሴልም ማይቶኮንድሪያው ይናጋል። ኢንዛይሙን ማገድ ሳይሆን ከልክ በላይ ማሠራት ማለት ነው! መድኃኒቱ በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የአንጎል ዕጢ ተፈቅዷል፤ ለጉበት ግን አይደለም።

ደግሞ ሄፕ ጂ2 የተባለውን በላብራቶሪ የሚራባ የጉበት ዕጢ ሴል ከጤነኛ ጉበት ጋር ያነጻጸረ ጥናት ስታነቡ ጠንቀቅ በሉ። ሴሉ የተገኘው በብዛት ሕፃናትን ከሚይዘው ሄፓቶብላስቶማ ከተባለው የጉበት ዕጢ እንጂ አዋቂዎች ላይ ከተለመደው የጉበት ካንሰር አይደለም።