ልብ በተሸበረ ጊዜ

ወገኖቼ ሆይ፣ ሁከት ስለሚቀሰቅሱት ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ የምወቅሰው ግን ሁከት በተነሣ ቁጥር ያልተጣራ ወሬ ተቀብለን ለሌላው የምናቀብለውን፣ እናንተንም እኔንም ነው።

ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደሙ ይሠራጫል፤ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ጡንቻው ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል። አውሬ ለገጠመው ሰው ይህ የሕይወት ዋስትና ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት «ማን አየ? ከማን ሰማህ?» ብሎ የሚመረምረው አእምሯችን ይደክማል። ፍርሃትም ምክንያት ሳያገኝ አያድርምና፣ ጥፋተኛ ባይኖር እንኳ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ቶኪዮንና ዮኮሃማን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና እሱን ተከትሎ የተነሣው ቃጠሎ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ፈጀ። እሳቱ ሳይጠፋ፣ ኮሪያውያን የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል የሚል ወሬ ተነዛ። ሰይፍና ቀርከሃ የያዙ የሰፈር ሰዎች መንገደኛውን እያስቆሙ ኮሪያዊ በጃፓንኛ አጥርቶ ለመጥራት የሚቸገርበትን የገንዘብ መጠን፣ «አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሰን» በል ይሉት ነበር፤ አንደበቱ የከዳው ተገደለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ከመንቀጥቀጡ ተርፈው በሰው እጅ አለቁ፤ በስሕተት የተገደሉ ጃፓናውያንም ነበሩ።

የጉድጓዱ ወሬ ግን አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጠፋ አይሁድ በዚሁ ተከሰዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ስድስተኛ፣ በሽታው አይሁድ በሌሉበትም እንደሚገድል፣ አይሁድንም ራሳቸውን እየጨረሰ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ማስረጃው ለሁሉም የሚታይ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1349 ዛሬ በፈረንሳይ ባለችው በስትራስቡርግ ከተማ አይሁድ በእሳት ተቃጠሉ። ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ እውነቱ ተነግሮም ሰሚ ማጣቱ።

ሁከቱ ከበረደ በኋላም ጥርጣሬው ይቀራል። በር ሲንኳኳ ትንፋሹን የሚውጥ ልጅ፣ ሰላምታውን ያሳጠረ ጎረቤት፣ ከማን ወገን እንደሆንህ ሳያውቅ የማያዋራህ ባልንጀራ ከዚያ የተወለዱ ናቸው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ሌሊት በስልካችሁ አስደንጋጭ መልእክት ሲደርሳችሁና ጣታችሁ ለማስተላለፍ ሲቸኩል፣ ልባችሁ እስኪረጋ ስልኩን አስቀምጡት። ያየ ሰው እስክታገኙ ድረስ ወሬው በእናንተ ዘንድ ይቁም። አስቀድማችሁ የላካችሁት ሐሰት መሆኑን ኋላ ካወቃችሁም፣ ለላካችሁላቸው ሁሉ በየስማቸው እየጠራችሁ ዛሬውኑ «ያ የነገርኩህ እውነት አልነበረም» ብላችሁ ጻፉ።