ጎርፍ ይወስደዋል

የጥንት ሰዎች አንድ ክረምት ደሴ ከርመው ቢሆን ኖሮ ስንት ድካም በቀረላቸው! አክሱሞች ማይ ሹም የተባለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ከአለት ሲፈለፍሉ፣ ኮንሶዎች ተራራውን በድንጋይ እርከን ደርድረው ዝናቡን አፈር ውስጥ ሲያሰርጉ ዕድሜያቸው አለቀ። ከ2,000 ዓመት በፊት በዛሬዋ ዮርዳኖስ የፔትራን ከተማ የሠሩት ናባታውያንማ የባሰባቸው ነበሩ፤ በረሃ ላይ ከገደል የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመሩ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር። ጎርፍ ማጠራቀም! ጎርፍን ሥራ ማስያዝ ሳያውቁበት ሞቱ።

እኛ አውቀንበታል። ሐምሌ ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲከናነብ፣ ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ እንደተሰማ ሰፈሩ በሙሉ ፌስታሉን ይዞ በር ላይ ይቆማል። አይቸኩልም፤ ዝናቡ እስኪጠነክር ይጠብቃል። ከዚያ የሳምንቱ ጥራጊ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ዳይፐር፣ ባዶ ሃይላንድ... ሁሉም ወደ ቦዩ። «ኧረ ይደፈናል» የሚል ከተገኘ መልሱ ያው ነው፦ «አብሽር! ጎርፍ ይወስደዋል።»

ይወስደዋልም። መኪናው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲጠማዘዝ ፌስታላችን በቦርከና ወንዝ ቀድሞ ኮምቦልቻ ይገባል። ለወንድም ስንቅ መላክ የወሎ ወግ ነው፤ ኮምቦልቾችም የራሳቸውን ጨምረው ከታች ላለው ለጨፋ ሜዳ ያሳልፋሉ። አንዳንዴ ቦዩ ይታፈንና ጎርፉ ሳሎን ድረስ ይዘልቃል። ወሎዬ ደጁ የመጣን እንግዳ መቼ መልሶ ያውቃል?

ደግሞ የአየር ንብረቱ እያገዘን ነው። አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥልም ያንኑ ያህል ገደማ በርትቶ ይወርዳል። ፌስታል ምን አላት፣ ወደፊት ፍራሽም እንልካለን።

የእህቴ ልጅ ግን በሒሳብ አስቸገረኝ። «አጎቴ፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። ያንተ ጣራ 50 ካሬ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ሲጥል 1,000 ሊትር፣ 50 ጀሪካን ማለት ነው። አሸንዳ አሠርተህ በርሜል ግዛ።» ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። ሰው ሁሉ በርሜል ገዝቶ ጎርፉ አቅም ቢያጣና ፌስታሌን እደጄ ላይ ጥሎት ቢሄድስ?

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ንጋት ላይ ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን ቦኖው ጋ ቆመናል። ከኋላዬ ያሉት እትዬ ጫማቸውን ከጎርፉ እያነሡ ጠየቁኝ፦ «ዛሬስ ውሃ ይመጣ ይሆን?»